ማንሣትና ማስቀመጥ

አማርኛችን ፎቶግራፍን “ያነሣል”። አይሠራውም፣ አይስለውም፣ አይወስደውም፤ ያነሣዋል። የወደቀ ዕቃ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ የተረሳ ስም እንደሚነሣው ማለት ነው። ደስ የሚል ቃል ነው። ነገር ግን የተነሣ ነገር ሁሉ መቀመጫ ይፈልጋል፤ ስለ መቀመጫው ቋንቋችንም እኛም ብዙ አልተጨነቅንም። ማንሣት የአንድ ሰኮንድ ሥራ ነው፤ ሰኮንድም አይሞላ። ማስቀመጥ ግን ዕድሜ ይፈጃል፤ ያውም ብዙውን ጊዜ የአንሺውን ሳይሆን የሌላ ሰው ዕድሜ።

ዛሬ ላወራችሁ ያሰብኩት ስለ ኔጋቲቭ ነው። በስልክ ካሜራ ያደጉ አንባቢዎቼ ምናልባት በእጃቸው ይዘውት አያውቁ ይሆናል። ፊልም ከካሜራ ወጥቶ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲታጠብ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ የሚወጣበት ስስ ነገር ነው። ሽማግሌው ጠጉሩ የጠቆረ ጎረምሳ፣ ጎረምሳው ደግሞ ሽበታም ሆኖ ይታያል። ፎቶ ቤት ገብታችሁ ስትነሡ የሚሰጣችሁ ወረቀቱ ነበር፤ ኔጋቲቩ እዚያው ይቀራል። ወረቀቱ ቢጠፋ፣ ቢቀደድ፣ ልጅ ቢሞነጫጭርበት ሌላ ይታተማል። ኔጋቲቩ ከጠፋ ግን በቃ።

በ2016 ዓ.ም. አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። አባቱ መሀል ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፎቶ ቤት ነበራቸው። አባትየው ካረፉ ቆይተዋል፤ ቤቱም ተዘግቶ የዕቃ ማከማቻ ሆኖ ነበር። ያን ዓመት ፒያሳና አካባቢው ሲፈርስ የእነሱም ቤት ተራ ደረሰውና ዕቃ ማውጣት ተጀመረ። ወንበሩ፣ መብራቶቹ፣ ከጀርባ የሚሰቀለው የጢስ ዓባይ ሥዕል ሁሉ ባለቤት አገኘ። ባለቤት ያላገኘው ሠላሳ አራት ካርቶን ኔጋቲቭ ነው። “ጋሼ፣ ምን ላድርጋቸው? እኔ ያለሁት ኮንዶሚኒየም ነው፤ ባለ አንድ መኝታ” አለኝ። ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩት ልጅ ስለ ካርቶን ሲያማክረኝ ገረመኝ። ለምን እኔን እንደመረጠ ስጠይቀው “እርስዎ ወረቀት መጣል ስለማይሆንልዎ ነው” አለኝ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየሁትም።

ቤተሰቡ በሦስት ተከፍሏል። ታላቅ ወንድሙ ከራጅ ፊልም ላይ ብር እየለዩ የሚያወጡ ሰዎች እንዳሉ ሰምቷል። ወሬው ውሸት አይደለም። የጥቁርና ነጭ ፊልም ምስል የሚሠራው ከብር ነው፤ ያ ሁሉ ፊት፣ ያ ሁሉ ሽሩባና ከረባት የደቀቀ ብር ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ይቀልድብናል፤ ብሩን አውጥቶ ለብር መሸጥ! እኅታቸው ደግሞ “የአባዬ እጅ ያረፈበት ነገር አይነካም” ትላለች፤ ግን የምትኖረው ቶሮንቶ ነው። ከቶሮንቶ ሆኖ “አይነካ” ማለት ቀላል ነው። ሦስተኛዋ የተማሪዬ ሚስት ናት። “ጋሼ፣ በማላውቃቸው ሰዎች ፊት የልጆቼን መኝታ ልሙላ? የልጆቼ ፊት አይበልጥም?” አለችኝ። በዚህ ነገር ውስጥ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ካርቶኖቹን ማየት ነበረብን። ኔጋቲቭ ለመመርመር የመጀመሪያው መሣሪያ አፍንጫ ነው። አንዱን ካርቶን ስንከፍት ሰላጣ የቀረበ መሰለን፤ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ይህ ሽታ የፊልም በሽታ ነው። የድሮው የድሮ ፊልም ናይትሬት ከሚባል በቀላሉ ከሚቀጣጠል ነገር ይሠራ ነበር፤ ኮዳክ መሥራቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። እሱን የተካው አሴቴት እንደ ናይትሬት አይነድም፤ ነገር ግን ሙቀትና እርጥበት ሲበዛበት ከውስጡ አሲድ ያወጣል። ያ አሲድ አቼቶ ነው፤ ወጥ ቤት ያለው ያው። የወጣው አሲድ ደግሞ ፊልሙን የባሰ ያፈርሰዋል፤ የባሰ ሲፈርስ የባሰ አሲድ ያወጣል። በመጨረሻ ፊልሙ ይኮማተራል፣ ይሸበሸባል፣ ምስል ያለበት ሽፋን ከሥሩ ይላቀቃል። የሚብሰው ደግሞ ተላላፊ መሆኑ ነው፤ የታመመው ትንፋሽ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ያሳምማል።

በአሜሪካ ሮቸስተር የሚገኘው የምስል ዘላቂነት ተቋም በሠራው ስሌት አዲስ የአሴቴት ፊልም በ21 ዲግሪ ሙቀትና በ50 በመቶ እርጥበት ቢቀመጥ መሽተት እስኪጀምር 40 ዓመት ገደማ ይቆያል። የተማሪዬ አባት የ1960ዎቹ ፊልሞች ኀምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ከሠላሳ አራቱ ካርቶን የሸተቱት ግን ሰባት ብቻ ናቸው። ምስጋናው ለአዲስ አበባ ብርድ ነው። 2400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ሳታውቀው ፊልም ትጠብቃለች። ሰባቱ ካርቶኖች የት ነበሩ ብትሉ ከቆርቆሮው ሥር፣ ኮርኒሱ ላይ። በጋ ቆርቆሮው ያቃጥላቸዋል፣ ክረምት ያፈስባቸዋል።

ታዲያ ፊልሙ በምን ውስጥ ነበር የተቀመጠው? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ እንደሚመስለው ተራ አይደለም። አባትየው በወጣትነታቸው ይጠቀሙ የነበረው ሰም የተቀባ የሚመስል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፖስታ ነው። ያኔ በመላው ዓለም የተለመደ ነበር። እርጥበት ሲያገኝ ግን ይለሰልስና ፊልሙ ላይ ይለጠፋል፤ ሲላቀቅ ፊት ይዞ ይነሣል። ቆይተው፣ ኑሮም ሲሻሻል፣ የሚያብረቀርቅ የላስቲክ አልበም ገዙ። ልጃቸው ያንን አልበም ሲያሳየኝ ኮራ ብሎ ነበር፤ “ለእነዚህ እንኳን ጥሩ ነገር ነው የተገዛላቸው” አለኝ። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ላስቲኩ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጊዜ ጋር ይወጣና ፊልሙ ላይ ላብ ይመስል ያቸፈችፋል፤ ላስቲኩ ራሱም ሲያረጅ አሲድ ያወጣል። ከውድ አልበም ይልቅ ርካሽ የወረቀት ፖስታ ውስጥ የቀሩት ይሻሉ ነበር። የወርቅ ዳር ያለው መጽሐፍ ገዝቶ የማያነብ ሰው ትዝ አለኝ፤ ግን ይህ ሌላ ጨዋታ ነው።

ላስቲክ ሁሉ ግን ጠላት አይደለም። ፖሊስተርና ፖሊፕሮፒሊን ደህና ናቸው። ፖሊፕሮፒሊን የምታውቁት ነገር ነው፤ እህል የምትቋጥሩበት ማዳበሪያ የሚሠራው ከሱ ነው። ችግሩ ሱቅ ውስጥ ላስቲኩ ላይ ስሙ አለመጻፉ ነው። ለዚህ ዘዴ አለ። የመዳብ ሽቦ እስኪቀላ ታግላላችሁ፣ ላስቲኩን በጫፉ ነካ ታደርጋላችሁ፣ ሽቦውን መልሳችሁ እሳቱ ላይ። ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት፤ ፒቪሲ ነው ማለት ነው፣ አትግዙት። ጭሱ መርዛም ስለሆነ ደጅ ወጥታችሁ፣ በቅንጣቢ ብቻ። እኔና ተማሪዬ በረንዳ ላይ ይህን ስንሠራ የጎረቤት ልጆች ጠንቋይ ሳንመስላቸው አልቀረንም።

ወረቀትም ወረቀት ሁሉ አይደለም። ጋዜጣ፣ ካኪ ፖስታ፣ የጫማ ካርቶን አሲድ አላቸው። ለዚህ ሥራ የሚታመን ወረቀት አይኤስኦ 18916 የሚባል ፈተና አለበት፤ ወረቀቱን ስሜተኛ ከሆነ የብር ምስል ጋር አቆራኝተው በ70 ዲግሪ ሙቀትና በ86 በመቶ እርጥበት 15 ቀን ያስቀምጡታል። ምስሉ ካልተነካ አለፈ። ይህን ከውጭ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ አስልኩ፤ አንድ ጥቅል ከመጽሐፍ አይከብድም። ፊልሙ ጤነኛ ከሆነ ላስቲኩ ይመረጣል፤ ሳይነኩት ስለሚያሳይ የጣት አሻራ አያርፍበትም። የሸተተው ግን ወረቀት ይሻለዋል፤ ወረቀት ያስተነፍሳል። አቼቶ የሚሸት ፊልም ጣሳ ውስጥ አሽጎ ማስቀመጥ የታመመን ሰው በራሱ ትንፋሽ አፍኖ መግደል ነው። የብር ማሰሪያ ላስቲክ፣ አግራፍ፣ ናፍታሊን እንዳታስጠጉ። በፖስታው ላይ የምትጽፉትን ፊልሙን ከማስገባታችሁ በፊት ጻፉ፤ በእርሳስ።

ስለ ጽሕፈቱ ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ተማሪዬ ከአባቱ ሰምቶ ነው የነገረኝ። በ1970 ዓ.ም. አንዲት እናት ልጃቸው ተገደለባቸው። ዘመኑን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ፎቶ ግድግዳ ላይ መስቀል አይደለም፣ ሣጥን ውስጥ መገኘቱም ለቀሩት ልጆች አደጋ ነበር። እናትየው የልጃቸውን ፎቶ ሁሉ ሰብስበው ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ወደ ፎቶ ቤቱ መጡ። ስለ ኔጋቲቭ የሚያውቁት ነገር የለም። “ማትሪክ ሊቀመጥ ሲል እዚህ ተነሥቶ ነበር፤ ጥላው ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ነው” አሉ። ጥላው! አርባ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያነበብኩ ሰው ለኔጋቲቭ ከዚህ የተሻለ ስም ሲወጣለት አልሰማሁም። ፎቶ አንሺው ለሁለት ቀን መዝገብ ገለበጡ። እያንዳንዱ ፖስታ ላይ ቁጥር፣ በመዝገቡ ላይ ከቁጥሩ አንጻር ስምና ቀን ነበረ። በሁለተኛው ቀን ማታ ተገኘ። ታትሞ ሲሰጣቸው እናትየው ረጅም ጊዜ ተመልክተው “ሸሚዙ እኮ ሰማያዊ ነበር” ብቻ አሉ።

መስቀል አደባባይ ጥግ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ግድግዳው በሟቾች ፎቶ የተሞላ ክፍል አለ። ብዙዎቹ ጉርድ ናቸው፤ ለመታወቂያ ወይም ለትምህርት ቤት የተነሡ የሚመስሉ፣ ፈገግታ የሌላቸው፣ ቀጥ ብለው የሚያዩ። ማንም ለታሪክ ብሎ አልተነሣቸውም። እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሁልጊዜ የማስበው ስለተሰቀሉት ብቻ አይደለም፤ ፎቶ ስላልተገኘላቸውም ጭምር ነው።

እስኪ ወደ ክርክሩ እንግባ። ታላቅ ወንድሙ “ኔጋቲቩ የአባታችን ንብረት ነው፤ ፊልሙን የገዙት እሳቸው፣ ያጠቡት እሳቸው፤ ደንበኛው የከፈለው ለወረቀቱ ነው፣ ወረቀቱንም ይዞ ሄዷል። አደራ ያለን ሰው የለም” ይላል። ቀልዶ አይደለም። ልብስ ሰፊ ሱሪ ሰፍቶ ሲጨርስ የተረፈውን ቁራጭ ጨርቅ ቢያስቀር ማንም ሌባ አይለውም። ቁራጩን ሊጥለው፣ ሊሸጠው፣ መወልወያ ሊያደርገው ይችላል። ኔጋቲቭ የፎቶ ቤት ቁራጭ ጨርቅ ነው ወይ?

አይደለም እላለሁ። ምክንያቴም ቁራጩ ላይ ፊቴ የለም። ሐኪም ስለ በሽታዬ የሚያውቀውን ያወቀው በራሱ ትምህርት፣ በራሱ መሣሪያ ነው፤ እኔ የከፈልኩት ለመድኃኒቱ ነው። ሆኖም ያወቀው ነገር የራሱ ንብረት ነው ብሎ ገበያ ላይ ቢያወጣው ሁላችንም እንጮኻለን። “አደራ” ብዬው ስለነበር አይደለም፤ ነገሩ ራሱ አደራ ስለሆነ ነው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላሉ አባቶች። ተረቱ ስለ ሰጪው ምንም አይልም፤ የሚያወራው ስለ ተቀባዩ ነው። አንዳንድ ነገር ሰጪው መስጠቱን ሳያውቅ፣ ተቀባዩም መቀበሉን ሳያውቅ እጅ ውስጥ ይገባል። ካወቁት በኋላ ግን እንዳላወቁት መሆን አይቻልም። ታላቅ ወንድሙ የእናትየውን ታሪክ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ሰምቷል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ብር ሲያነሣ ድምፁ ቀነስ ይል ነበር።

ግን አደራ ነው ካልን የማስቀመጥ ግዴታ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ያው ፎቶ ቤት፣ በዚያው ዘመን፣ ሌሎች እንግዶችም ነበሩት። የቀበሌ ሰዎች መጥተው የአካባቢውን ወጣቶች ፎቶ ፈልገው ነበር። ፎቶ አንሺው “ክረምት ውሃ ገብቶበት ጣልነው” ብለው መለሱ፤ ካርቶኑ ከተቀመጡበት ወንበር ጀርባ ነበር። አንዱን ቁጥር ለእናት ለማግኘት የሚረዳው መዝገብ፣ ያው መዝገብ፣ ለአሳዳጅም ይረዳል። እና በደንብ የተቀመጠ ነገር ከመጥፎ ከተቀመጠ የበለጠ አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጥሩ ፖስታ፣ ጥሩ ቁጥር፣ ጥሩ መዝገብ ያለው ሰው ለማን እንደሚከፍትና በማን ላይ እንደሚዘጋ ማወቅ አለበት። ይህንን የትኛውም አይኤስኦ አይፈትነውም።

ዛሬ የሚያንኳኳው ቀበሌ ሳይሆን የተማሪዬ የእኅት ልጅ ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ኔጋቲቮቹን በስካነር አንሥታ “የድሮ አዲስ አበባ” ብላ ቲክቶክ ላይ ልትለቅ አሰበች። “ጋሼ፣ እንዴት እንደሚያምሩ አይተዋል? አፍሮው! ቤልቦተሙ!” ያምራሉ፤ አልዋሽም። ነገር ግን በ1964 ዓ.ም. ከአንድ ጎረምሳ ጋር ትከሻ ለትከሻ የተነሣች ልጅ ዛሬ የሌላ ሰው ሚስት፣ የስድስት ልጆች አያት ናት። ፎቶ ቤት ስትገባ የመጋረጃውን ውስጥ ነበር የመረጠችው።

የማሊው ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታ ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። ባማኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1948 ስቱዲዮ ከፍቶ የከተማውን ሰው በሺህ እየቆጠረ አነሣ፤ ኋላም የመንግሥት ፎቶ አንሺ ሲሆን ኔጋቲቮቹን ቆልፎ አስቀመጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኒውዮርክ ላይ በታየ የአፍሪካ ጥበብ ኤግዚቢሽን ሥራዎቹ ሲሰቀሉ የአንሺው ስም አልታወቀም ነበር። ከዚያ ተፈልጎ ተገኘ፣ ዓለም አወቀው፣ ፎቶዎቹ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ተሰቀሉ። ደስ ይላል። የአንሺው ስም ተመለሰ። የተነሡት ሰዎችስ? ያ ነጭ ልብስ የለበሰው፣ በእጁ አንድ አበባ የያዘው መነጽራም ወጣት በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው በፊቱ ብቻ ነው። ተነሥቶ የሄደው ለቤቱ ይሆናል፣ ለእጮኛውም ይሆናል። ማንም አልጠየቀውም። ኬይታ እ.ኤ.አ. በ2001 ካረፈ በኋላ ሰዎች የተከራከሩት ስለ ኔጋቲቩ ባለቤትነት ነው፤ ስለ ፊቶቹ የተከራከረ ጠበቃ ግን አልሰማሁም።

ለልጅቱ የነገርናት ይህን ነው። አያቷ ቪትሪን ላይ ሰቅለዋቸው የነበሩ ፎቶዎች አሉ፤ ደንበኞቹ ራሳቸው ፈቅደው፣ እንዲያውም “የኔን ስቀልልኝ” ብለው ለምነው የተሰቀሉ። እነሱን አሳዪ። መንገዱን፣ የጥምቀቱን አደባባይ፣ የእግር ኳስ ቡድኑን አሳዪ። የመጋረጃው ውስጥ ግን ለሚጠይቅ ባለቤት ነው። አኮረፈች። ዕድሜዋ ነው።

አሁን ወደ ሚስትየው ጥያቄ። “የልጆቼ ፊት አይበልጥም?” ይበልጣል። አቼቶ የሚተፋ ካርቶን ሕፃን በሚተኛበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ ነገሩ ሥነ ምግባር ላይ ሳይደርስ ሳንባ ላይ ያልቃል። ከዚያም በላይ አደራን የማላከክ መጥፎ ልማድ አለብን፤ ቅርስ ነው፣ ታሪክ ነው እንልና ሸክሙን ቤቱ ውስጥ ለሚተኛው ሰው ጥለን ወደ ስብሰባችን እንሄዳለን። ቶሮንቶ ያለችው እኅት በየወሩ ትንሽ ገንዘብ እንድትልክ፣ ታላቅ ወንድም የብረት ካቢኔት እንዲገዛ የተወሰነው በዚች ሴት ጥያቄ ነው። አደራ የማይችለውን ሰው አይገድለውም፤ የማይችል ለሚችል ያስረክባል። ማስረከብ መጣል አይደለም። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የፎቶግራፍ ክምችት አለው፤ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም አለ። ነገር ግን ስም የሌለው ካርቶን ለማንም ቢሰጥ ካርቶን ነው። ከመዝገቡ ጋር ተስማምቶ፣ ቁጥሩ ታይቶ፣ ከዚያ ነው ርክክብ የሚባለው።

ሁሉን ማስቀመጥ ካልተቻለስ? ተማሪዬ መምረጥ ጀምሮ ነበር፤ ሚኒስትሮቹን፣ ዘፋኞቹን፣ ደጃዝማቾቹን ለብቻ፤ ጉርዱን ሁሉ ደግሞ ለመጣያ። ተቃወምኩት። ደጃዝማቹ ሃያ ቦታ ፎቶ አላቸው። ለመታወቂያ ብላ በሕይወቷ አንድ ቀን የተነሣች እንጀራ ሻጭ ግን ያቺ አንዲት ጉርድ ብቻ ናት ያለቻት። መጣል ግድ ከሆነ ከሃያው ላይ ይቀነስ። እሱ በዚህ አልተስማማም፤ “ታሪክ የሚጠይቀው እንጀራ ሻጯን አይደለም” አለኝ። ታሪክ መቼ ምን እንደሚጠይቅ ማን ያውቃል?

አንዳንዱ ነገር ደግሞ በጥሩ ቦታ መቀመጡ አያድነውም። ዣክ ሎው የሚባል ፎቶ አንሺ የኬኔዲን ቤተሰብ ያነሣባቸውን 40 ሺህ ገደማ ኔጋቲቮች ኒውዮርክ ውስጥ፣ የዓለም ንግድ ማዕከል ከነበረበት ቦታ፣ ባንክ ካዝና ውስጥ ቆልፎባቸው ነበር። ከዚያ የበለጠ ቦታ የት ይገኛል? መስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ሁሉም ጠፉ። የቀረው ሌላ ቦታ የተቀመጠ፣ ኔጋቲቮቹ በትንሽ በትንሹ የታተሙበት ወረቀት ነው። ስለዚህ ሁለት ቦታ። የስካነሩን ቅጂም ለሌላ ቤት። ስካነር ግን ኔጋቲቩን አይተካም፤ ዲስክም ይሞታል፣ አቼቶ ሳይሸት በድንገት።

በተቃራኒው የሜክሲኮው ሻንጣ የሚባለውን ውሰዱ። ሮበርት ካፓ፣ ጌርዳ ታሮና ዴቪድ ሲይሙር በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ያነሷቸው 4500 ገደማ ኔጋቲቮች፣ በሦስት ተራ የካርቶን ሣጥኖች ተደርገው፣ ናዚ ፓሪስ ሲደርስ ጠፉ። ያሸሻቸው የካፓ የጨለማ ክፍል ረዳት ቺኪ ዌይስ ነው። ከእጅ ወደ እጅ አልፈው ሜክሲኮ ሲቲ ደረሱ፤ ኒውዮርክ ወደሚገኘው የፎቶግራፍ ማዕከል የገቡት በታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ. ነው። ሣጥኑ እንደ ማር እንጀራ የተከፋፈለ፣ እያንዳንዱ ጥቅል በየጉድጓዱ፣ ክዳኑ ላይ የእጅ ጽሕፈት ማውጫ። ፊልሙ ናይትሬት ነበር፤ ሆኖም ደህና ነበር። ሜክሲኮ ሲቲ 2240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እንደ እኛዋ ቀዝቃዛ። ዌይስም ከጦርነቱ በኋላ የኖረው እዚያው ሜክሲኮ ሲቲ ነው። ለአሥርት ዓመታት ሻንጣውና እሱ በአንድ ከተማ ውስጥ ነበሩ። እሱ በጥር 2007 እ.ኤ.አ. አረፈ።

የተማሪዬ ካርቶኖች እስከ አሁን አሥራ ዘጠኙ ፖስታ ተቀይሮላቸዋል። ካቢኔቱ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ከውጭው ግድግዳ ራቅ ብሎ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። የሸተቱት ሰባቱ የኔ ጋራዥ ውስጥ ናቸው፤ ነፋስ የሚገባበት፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ነው። መኪና ስለሌለኝ ጋራዡ ሥራ አገኘ።

ያልተስማማነው በአንድ ካርቶን ላይ ነው። አባትየው በላዩ ላይ “ያልተወሰደ” ብለው ጽፈውበታል። ቀብድ ከፍለው፣ ተነሥተው፣ ፎቷቸውን ሊወስዱ ያልተመለሱ ሰዎች ናቸው፤ ወደ ሦስት መቶ ይሆናሉ። አብዛኞቹ ከ1969 እስከ 1971 ዓ.ም. ባሉት ቀኖች የተነሡ ናቸው። ተማሪዬ ፊታቸውን ከነስማቸው ለሕዝብ እናውጣ፣ የሚፈልጋቸው ቤተሰብ ይኖራል ይላል። እኔ ስማቸውን ብቻ፣ ያለ ፎቶ፣ እናውጣ እላለሁ፤ የሚያውቅ ይምጣና ለሱ ይከፈት። “ስም ብቻ ማን ያውቀዋል ጋሼ፣ ስንት ከበደ አለ?” ይለኛል። ሚስቱ ደግሞ ሁለታችንንም ትታ መዝገቡን ከፍታ የአባት ስም የተጻፈላቸውን እየለየች ታወጣለች። እስካለፈው እሑድ ስልሳ አንድ አግኝታለች።